የይቅርታ ባለቤት ማን ነው? ከቀይ ሽብር የፍርድ ሂደት ለተሃድሷዊ ፍትሕ የሚቀሰም ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የቀይ ሽብር የፍርድ ሂደትንና ከፍርዱ በኋላ የተሞከረውን የይቅርታ ጥረት በተሃድሷዊ ፍትሕ ዕይታ ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የሚከተለው ነው፤ ሂደቱ የወንጀል ተጠያቂነትን በማረጋገጥ ረገድ ከፍተኛ ውጤት ቢያስመዘግብም፣ የተበዳዩን ድምፅ፣ የበዳዩን የእምነት ቃልና የጉዳቱን ካሳ በአንድ ሥርዓት ሊያገናኝ አልቻለም። ለዚህም አንዱ ምክንያት መንግሥት የሚሰጠው ይቅርታና ተበዳይ የሚያደርገው ይቅርታ በሕግም በቋንቋም ተደበላልቀው መቆየታቸው ነው። ጽሑፉ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አፈጻጸም ውስጥ ሁለቱ እንዲለዩ የሚያግዙ ሦስት መመዘኛዎችን ያቀርባል።

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና የመዲናዪቱን የቅርብ ዘመን ታሪክ በአጭር ርቀት ሰብስቦ ይዟል። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር በሰሜን ኮሪያ እገዛ ያሠራው ሲሆን፣ በኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከጎዳናው ራስጌ ብዙ ሳይርቅ፣ በፒያሳ፣ በተከታታይ መንግሥታት ዘመን ሰዎች የታሰሩበትና የተሠቃዩበት ማዕከላዊ ይገኛል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቶ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ለሕዝብ ጉብኝት ተከፍቷል።

እነዚህ ሁለት ሥፍራዎች ሁለት ዓይነት ትውስታን ይወክላሉ። አንደኛው መንግሥት እንዲታወስ የፈለገው ነው፤ ሁለተኛው መንግሥት እንዲሰወር የፈለገው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተማዋ ቀበሌዎች ለተገደሉት ወጣቶች ግን በሕዝብ አደባባይ ላይ ቋሚ የመታሰቢያ ቤት የተከፈተው ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲመረቅ ነው። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ተበዳዮች ከፍትሕ ሥርዓቱ ምን አገኙ? ምንስ ቀረባቸው? ጥያቄው ታሪካዊ ብቻ አይደለም። አገሪቱ አዲስ የሽግግር ፍትሕ ሥርዓት ለመዘርጋት በምትሞክርበት በአሁኑ ወቅት መልሱ ቀጥተኛ ተግባራዊ ፋይዳ አለው።

ጽንሰ ሐሳቡና አገራዊ መሠረቱ

ተሃድሷዊ ፍትሕ ወንጀልን በቅድሚያ የሚያየው የሕግ አንቀጽ እንደ መጣስ ሳይሆን ሰውንና የሰዎችን ግንኙነት እንደ መጉዳት ነው። ሐዋርድ ዜር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሥራው ይህን ልዩነት በጥያቄዎች ለውጥ አስረድቷል። የተለመደው የወንጀል ፍትሕ የትኛው ሕግ ተጣሰ፣ ማን ጣሰው፣ ምን ቅጣት ይገባዋል ብሎ ይጠይቃል። ተሃድሷዊው ፍትሕ ደግሞ ማን ተጎዳ፣ የተጎዳው ምን ያስፈልገዋል፣ ያንን የማሟላት ግዴታ የማን ነው ሲል ይጀምራል። ኖርዌያዊው ኒልስ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳመለከተው፣ ዘመናዊው መንግሥት ጠቡን ከባለቤቶቹ ወስዶ የራሱ ያደርገዋል፤ ተበዳዩም በራሱ ጉዳይ ምስክር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአማራው አካባቢ ደም ለማድረቅ የሚደረገው ሽምግልና፣ በኦሮሞው ዘንድ ያለው የጉማ ሥርዓት፣ በሲዳማ የሚታወቀው አፊኒ በዝርዝራቸው ቢለያዩም የጋራ አካሄድ አላቸው። ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሎች አስቀድመው የበቀሉን መንገድ ይዘጋሉ፤ ቀጥሎ ጥፋቱ በግልጽ ይታመናል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ገዳዩ ወይም ወገኑ በሟች ወገን ፊት ዝቅ ብሎ፣ በብዙ ቦታ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ይቅርታ ይለምናል፤ በመጨረሻም በመሐላና በጋራ ማዕድ እርቁ ይታሰራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃል የሚነገረው ጥፋቱ ከታመነና ካሳው ከታወቀ በኋላ ነው። ከዚያም በላይ ቃሉን የሚናገረው ተበዳዩ ነው። ሽማግሌው ይለምናል፣ ያግባባል፣ ይገሥጻል እንጂ በተበዳዩ ፈንታ ይቅር አይልም።

ይህ ማለት ግን ባህላዊው ሥርዓት እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። ሽምግልና በአብዛኛው የወንዶች ሸንጎ ሆኖ ኖሯል፤ የቡድንን ሰላም ለማስጠበቅ ሲባል የግለሰብ በደል የሚታፈንበት ጊዜም ብዙ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ወይም ደፋሪ ተበዳይዋን ካገባ ከቅጣት ነፃ እንዲሆን መፍቀዱ፣ እርቅ የሚመስል ነገር እንዴት ሁለተኛ በደል ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ይህ ነፃነት የተሻረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ ከባህሉ ሊወሰድ የሚገባው የቅደም ተከተሉ ሥነ ምግባር ነው፤ የሸንጎው የሥልጣን አደላደል አይደለም።

ፍርዱ ያስገኘውና ያጎደለው

የቀይ ሽብር ጉዳይን እንዲመረምርና እንዲከስስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ነው። አዋጁ ለጽሕፈት ቤቱ ክስ የማቅረብ ኃላፊነት ሲሰጥ፣ በመግቢያው ደግሞ የተፈጸመውን ግፍ ለትውልድ መዝግቦ ማቆየትና ሕዝቡን በማስተማር ድርጊቱ ዳግም እንዳይፈጸም ማድረግ ታሪካዊ ግዴታ መሆኑን አሥፍሯል። በዚህ ረገድ ሕግ አውጪው ሁለት ዓላማ ነበረው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ቅጣት፣ ሁለተኛው እውነት።

የመጀመሪያው ዓላማ በሰፊው ተሞክሯል። በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች ከፍተኛ ባለሥልጣናት ላይ የተመሠረተው ክስ መሰማት የጀመረው ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው ከ12 ዓመታት በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በዚምባብዌ የሚኖሩት መንግሥቱ በሌሉበት ተፈርዶባቸዋል። ፍርድ ቤቱ የ1949ኙን ሕግ አንቀጽ 281 መሠረት በማድረግ በፖለቲካ ቡድን ላይ የተፈጸመውን ግድያ የዘር ማጥፋት ወንጀል ብሎታል፤ ይህም ዓለም አቀፉ ስምምነት ከሚሰጠው ጥበቃ የሰፋ ነው። ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወሰነው የዕድሜ ልክ እስራት በግንቦት 2000 ዓ.ም. በይግባኝ ወደ ሞት ቅጣት ተቀየረ። በጠቅላላው የክስ ዝርዝር ከ5,000 በላይ ሰዎች የተካተቱ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ሲከሰሱ በቁጥጥር ሥር አልነበሩም። አንድ አፍሪካዊ አገር በራሱ ፍርድ ቤት፣ በራሱ ሕግና በራሱ ዳኞች የቀድሞ ገዥዎቹን ለዚህ ዓይነት ፍርድ ማቅረቡ ቀላል ስኬት አይደለም።

ይሁንና ተሃድሷዊው ፍትሕ በሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሲመዘን ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ። አንደኛ፣ ተበዳዮች በችሎቱ በዋናነት የዐቃቤ ሕግ ምስክር ነበሩ። የተጠየቁት ክሱን ለማስረዳት የሚጠቅመውን ያህል ነው እንጂ ጉዳታቸው በሕይወታቸው ላይ ያደረሰውን ሁሉ አይደለም። ሁለተኛ፣ የክርክር ሥርዓቱ ተከሳሹ እንዲክድ የሚገፋፋ ነበር። ጥፋትን ማመን የሚያስገኘው ጥቅም ባልተደነገገበትና የሞት ቅጣት በተጋረጠበት ሁኔታ የእምነት ቃል መጠበቅ አይቻልም። ሦስተኛ፣ አዋጁ ለተበዳዮች ራሱን የቻለ የካሳ ሥርዓት አላቋቋመም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተጎጂ በወንጀሉ ክስ ውስጥ የካሳ ጥያቄ እንዲያቀርብ ቢፈቅድም፣ ይህ መንገድ ለጅምላ ወንጀል የተቀረጸ አልነበረም።

ሁለተኛው ዓላማ፣ ማለትም እውነትን መዝግቦ ማቆየት፣ ዘግይቶ በከፊል ተፈጽሟል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ2002 ዓ.ም. «ደም ያዘለ ዶሴ» በሚል ርእስ ያሳተመው መጽሐፍ የሥራው ማጠቃለያ ነው። ይህም ሆኖ የተመዘገበው እውነት በክሱ ወሰን የታጠረ ነው። በተቃዋሚው ጎራ የተፈጸሙ ግድያዎች፣ አብዮቱን ደግፈው በኋላ በአብዮቱ የተበሉ ድርጅቶች ሚና፣ ጎረቤቱን ያጋለጠው ተራ ሰው ኃላፊነት በዶሴው ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

በአማርኛ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ተግባራትን ይሸከማል። በሕግ ቋንቋ የተፈረደበትን ሰው ቅጣት መንግሥት የሚያስቀርበት ወይም የሚያቀልበት ውሳኔ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 395 ሥነ ሥርዓቱን ደንግጎለት ነበር። በዕለት ተዕለት ቋንቋ ደግሞ በዳይ የሚለምነውና ተበዳይ የሚሰጠው ነው። «ምሕረት» የሚለው ቃልም በሃይማኖትና በሕግ መካከል ተመሳሳይ ጉዞ አለው። የቃሉ አንድነት የተግባሩን ልዩነት ሊሸፍን እንደሚችል የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ በግልጽ አሳይቷል።

በ1996 ዓ.ም. በእስር ላይ የነበሩ 33 የቀድሞ ባለሥልጣናት የኢትዮጵያን ሕዝብ ይቅርታ የሚጠይቁበት መድረክ እንዲመቻችላቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄው በችሎቱ ሂደት ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ከፍርዱ በኋላ የሃይማኖት መሪዎች ጉዳዩን አንሥተው እርቅ እንዲወርድ መንግሥትን ጠየቁ። ውጤቱ በግንቦት 2003 ዓ.ም. የታወቀ ሲሆን፣ የ23 ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በይቅርታ ወይም በምሕረት እንዳይታለፉ ከልክሎ፣ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የማሻሻል ሥልጣን ብቻ ለርእሰ ብሔሩ ስለሚሰጥ፣ ውሳኔው ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም ነበር። በመስከረም 2004 ዓ.ም. 20 ዓመት የታሰሩ ባለሥልጣናት ከወኅኒ ወጡ።

ከሰብአዊነት አንፃር የሞት ቅጣቱ አለመፈጸሙ የሚደገፍ ነው። በተሃድሷዊ ፍትሕ ሚዛን ሲታይ ግን የጎደለው ነገር ጎልቶ ይታያል። ልመናው ለመንግሥት ቀረበ፤ መልሱም ከመንግሥት መጣ። የሟች እናትና ልጅ በዚህ ምልልስ ውስጥ ተናጋሪ ወገን አልነበሩም። ሽማግሌው በተበዳዩ ቦታ የቆመ ያህል ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ብሂል የሚገልጸው ይህንኑ ነው፤ ቅጣቱ ቢቀልም ባይቀልም የተወጋው ስለ ቁስሉ የጠየቀው አልነበረም።

ከእስር በኋላ የታየው ሁኔታ ይህን ክፍተት ያጠናክራል። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን አሳተሙ። ከአገር ውጪ ያሉት መንግሥቱ ደግሞ ከቸርችል ጎዳናው ሐውልት ጋር ስሙ አንድ የሆነ «ትግላችን» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። በሌላው ወገንም እንደ ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ያሉ ሥራዎች ቀደም ብለው ወጥተዋል። በችሎት ያልተነገረው ታሪክ በመጻሕፍት ገበያ ተነገረ ማለት ነው። ነገር ግን የትዝታ መጽሐፍ ጸሐፊ የሚመልሰው ራሱ የመረጠውን ጥያቄ ነው። ልጄን የት ቀበራችሁት ብላ የምትጠይቅ እናት በመጽሐፉ ገጾች ላይ ወንበር የላትም።

ለቅሶ እንደ መብት

የቀይ ሽብር በደል በግድያው ብቻ አያበቃም። ብዙ ቤተ ሰቦች አስከሬን ተከልክለዋል፤ ለመውሰድ የተፈቀደላቸውም ልጃቸው የተገደለበትን ጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ የተጠየቁበት ጊዜ ነበር። በአደባባይ ማልቀስ፣ ድንኳን መትከል፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት አደጋ ነበረው። በኢትዮጵያ ኑሮ ውስጥ ለቅሶ፣ ቀብርና ተዝካር ሐዘንን ከግለሰብ ትከሻ ወደ ማኅበረሰብ ትከሻ የሚያሸጋግሩ ሥርዓቶች ናቸው። እነዚህ ሲከለከሉ ቤተ ሰቡ ከሟቹ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱም ተቆርጧል። ጠቋሚው፣ አብዮት ጥበቃውና የሟች ወላጆች በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ዕድር ውስጥ መኖራቸውን ቀጥለዋል።

ከዚህ አንፃር ሲታይ ከሂደቱ ሁሉ ይበልጥ ፈዋሽ የነበረው ክፍል ምናልባት የጅምላ መቃብሮች መቆፈራቸው ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ለልዩ ዐቃቤ ሕግ በሰጡት እገዛ አፅሞች በሳይንሳዊ ዘዴ ወጥተው እንዲመረመሩ ተደርጓል። ለፍርድ ቤቱ ይህ ማስረጃ ነበር። ለቤተ ሰቡ ግን የተከለከለው ለቅሶ መመለስ ነበር። አንድ ተግባር ሁለቱንም ዓላማ በአንድ ጊዜ ማገልገሉ፣ የወንጀል ተጠያቂነትና ፈውስ የግድ የሚጣረሱ አለመሆናቸውን ያመለክታል።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

ሁለት አፍሪካዊ ልምዶች ለንጽጽር ይረዳሉ። የደቡብ አፍሪካ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ምሕረትን ከሙሉ እውነት ጋር አስተሳስሯል። ለምሕረት ከቀረቡት 7,112 ማመልከቻዎች የተፈቀዱት 849 ብቻ ናቸው፤ ይህም ምሕረቱ በነፃ የሚታደል እንዳልነበረ ያሳያል። ድክመቱ የታየው በካሳ ላይ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 ለተመዘገቡ ተጎጂዎች ለአንድ ጊዜ የሚከፈል 30,000 ራንድ የወሰነ ሲሆን፣ ይህም ኮሚሽኑ ካቀረበው ምክረ ሐሳብ ያነሰ ነበር። በዳዮች ምሕረታቸውን ፈጥነው ሲያገኙ ተበዳዮች ዓመታት ጠብቀዋል።

የሩዋንዳ ጋቻቻ ፍርድ ቤቶች በበኩላቸው ጉዳዩን ወንጀሉ ወደ ተፈጸመበት መንደር መልሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጉ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን መርምረዋል። ብዙ ቤተ ሰቦች የዘመዶቻቸውን አፅም ያገኙት በዚያ በተሰጠ የእምነት ቃል ነው። በአንፃሩ የተከሳሾች የመከላከል መብት መጥበቡና በአሸናፊው ወገን የተፈጸሙ ግድያዎች አለመታየታቸው ጽኑ ትችት አስነሥቷል። ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት ተመሳሳይ ነው፤ እውነት የሚገኘው ዋጋ ሲኖረው ነው፣ ዋጋው ግን በተበዳዩ ኪሳራ ብቻ መከፈል የለበትም።

ለአዲሱ ፖሊሲ የሚያመለክተው

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲዘረጋ አስገድዷል። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው ፖሊሲ የወንጀል ተጠያቂነትን፣ እውነት ማፈላለግን፣ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምሕረትን፣ ካሳን፣ እርቅንና የተቋማት ማሻሻያን በአንድ ማዕቀፍ አካትቷል፤ ለባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም ቦታ ሰጥቷል። ከዚህ ቀደም በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 የተቋቋመው የእርቀ ሰላም ኮሚሽን የሚታይ ውጤት ሳያስመዘግብ ሥራው ወደ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን መዛወሩ፣ በወረቀት ላይ ያለ አደረጃጀት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያስታውሳል። ግጭቶች ሙሉ በሙሉ ባልበረዱበት ሁኔታ ምስክርና ተበዳይ ያለ ፍርሃት መናገር መቻላቸውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ከቀይ ሽብር ልምድ በመነሣት አፈጻጸሙን በሦስት መመዘኛዎች መፈተሽ ይቻላል። የመጀመሪያው የአድራሻ መመዘኛ ነው፤ የበዳዩ ይቅርታ የሚቀርበው ለመንግሥት ነው ወይስ ለተበዳዩ? መንግሥት ቅጣትን የማቅለል ሥልጣን ሊኖረው ይችላል፤ በተበዳዩ ስም ይቅር የማለት ሥልጣን ግን የለውም። ስለዚህ ተበዳይ ይቅር ለማለትም ሆነ ላለማለት ነፃ መሆኑ፣ እንቢታውም መብቱን እንደማያስቀርበት በሕግ ሊረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛው የይዘት መመዘኛ ነው፤ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረት የሚጠይቀው የእምነት ቃል ማን፣ የት፣ በማን ትእዛዝ ተገደለ፣ የትስ ተቀበረ ለሚሉት ጥያቄዎች የሚመልስና ተበዳዩም ሊጠይቅበት የሚችል መሆን አለበት። ሦስተኛው የጥገና መመዘኛ ነው፤ ካሳና የመታሰቢያ ሥራ ከምሕረቱ በፊት ወይም ጎን ለጎን ካልሄዱ የሽምግልናው ቅደም ተከተል ይገለበጣል።

እነዚህ መመዘኛዎች ፍርድ ቤትን አይተኩም። አንቀጽ 28 በከባድ ወንጀሎች ላይ ያስቀመጠው ገደብ እንዳለ ሆኖ፣ ከፍተኛ ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች በመደበኛ ሥርዓት ሊዳኙ ይገባል። ተሃድሷዊው መንገድ ይበልጥ የሚያስፈልገው ፍርድ ቤት ሊደርስበት በማይችለው ሰፊ መካከለኛ ክልል፣ ማለትም ትእዛዝ በፈጸመው፣ በጠቆመውና አይቶ ዝም ባለው ዘንድ ነው። ወሲባዊ ጥቃትን የሚመለከቱ ጉዳዮች ግን በሽምግልና ጫና እንዳይታፈኑ በግልጽ ሊጠበቁ ይገባል።

መደምደሚያ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂል ሰው ከሚያጣው ነገር መጠን ይልቅ የሚያጣበት መንገድ እንደሚያሳዝነው ይናገራል። የቀይ ሽብር ፍርድ ለበቅሎዋ ዳኛ አስገኝቷል፤ ታላላቆቹ ወንጀሎች በችሎት ተዳኝተዋል። ያለ ፍርድ የሄዱት ግን በየቤቱ የቀሩት ናቸው፤ ያልተለቀሰ ለቅሶ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ፣ ለመንግሥት ቀርቦ ለባለቤቱ ሳይደርስ የቀረ ይቅርታ። የትግላችን ሐውልትም ሆነ የማዕከላዊ ሕንፃ በየቦታቸው መቆማቸው ትውስታን ያኖራል እንጂ ተጠያቂነትን አያመጣም። ተጠያቂነትና ፈውስ የሚገናኙት በዳይ ለተበዳይ በቀጥታ በሚመልስበት፣ መንግሥትም የምልልሱ ዋስ እንጂ ተቀባይ ባልሆነበት ሥርዓት ውስጥ ነው። አዲሱ ፖሊሲ የሚመዘነውም በዚሁ ይሆናል።